እትዬ ፋንቱ ያጠበችው የዓሣ እንቁላል

እትዬ ፋንቱ የማታጥበው ነገር የለም። ዶሮ ከሆነ በአስራ ሁለት ውኃ ነው። ሎሚውን ከመጭመቋ በፊት ታጥበዋለች፣ እንቁላሉን ከመስበሯ በፊት ታጥበዋለች፣ ሙዝ ሳይቀር ከነልጣጩ ታጥባለች። ኮቪድ ገብቶ ሰው ሁሉ ከግሮሰሪ የገዛውን በሳሙና ማጠብ ሲጀምር፣ እዚህ አሜሪካ፣ የኖርዝላንዱ አፓርትማችን ደረጃ ላይ ቆማ፣ ማስኳን አገጯ ላይ አውርዳ፣ «አያችሁ? ስትስቁብኝ የነበራችሁ ሁላ!» አለችን። ዓለም በሙሉ እሷን መስማት የጀመረ ነው የመሰላት።

እኔ ማራኪ እባላለሁ። ከእሷ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ ዌርሃውስ ነው። መጀመሪያ ሳውቃት አንቱ እላት ነበር። «አታስረጂኝ እባክሽ፣ እትዬው ይበቃኛል» ስትለኝ አንቺ ማለት ጀመርኩ።

ያደገችው ዝዋይ ነው፣ ሐይቁ ዳር። አባቷ ጋሽ ገብረየስ መረብ ይጥላሉ፣ እሷ ዓሣ ትበልታለች። ገና በዘጠኝ ዓመቷ ቆሮሶ በሏት አምባዛ፣ ቢላዋ ይዛ ቁጭ ካለች ትልልቅ ሰዎች ቆመው ያዩዋት ነበር። ሆዱ ውስጥ እንቁላል ካገኘች አውጥታ ለአባ ኮዳ ትወረውርለታለች። «እነዚያ መላጣ ወፎች ከእኔ በላይ ወፍረው ነበር» ትላለች። በአርባ አራት ዓመቷ ዲቪ ደረሳትና ኮሎምበስ መጣች። በ2019 መጀመሪያ ላይ አንድ ትንሽ የግሪክ ምግብ ቤት ዲሽ ዋሸር ሆና ገባች፣ እዚያው ሦስት ዓመት ሳህን አጠበች።

ሳህን ማጠብ ምን አለው ትሉ ይሆናል። እሷ ግን ሥራውን እንደ ዶክተር ነው የምታየው። «ምግብ ሠሪው ኩክ የሚያየው የሚወጣውን ነው፣ የሚመለሰውን የማየው እኔ ነኝ። ሰውየው ወዶት ይሁን ተግደርድሮ ይሁን ሳህኑ ይነግረኛል» ትለኛለች። ሩዙ የጠነከረ ቀን ከኩኩ ቀድማ ታውቃለች። ግን ማን ይጠይቃታል? በሳሙናና በሙቅ ውኃ እጇ ተሰነጣጥቆ፣ ጓንቱም አላዳነው፣ ቤት ስትመጣ ቫዝሊን ተቀብታ ፌስታል ታስርበታለች።

የምግብ ቤቱ ባለቤት ማኖሊስ ይባላል። እናቱ ስታማቲያ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው፣ እትዬ ፋንቱ «ማዘር» ነው የምትላቸው። ግሪኮቹ ጾማቸው የሚገባበት ሰኞ አላቸው፤ ለዚያ ቀን ማዘር በገዛ እጃቸው አንድ ነገር ይሠራሉ። ታራሞሳላታ ነው ስሙ። የዓሣ እንቁላል ከረጠበ ዳቦ፣ ከሎሚና ከዘይት ጋር እንደ ክሬም እስኪሆን ይመታል፣ በዳቦ እያጠቀሱ ይበሉታል። የጾም ምግብ ነው ሲሏት እትዬ ፋንቱ መጀመሪያ ቀን ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር።

«የጾም? ዓሣ ነው፣ ደግሞ እንቁላል ነው። በአንድ ጉርሻ ሁለቴ ፍስክ!»

ግን ሳህኖቹ ተጠርገው ሲመለሱ አየች። በ2019 አየች፣ በ2020 ማርች መጀመሪያ ላይም አየች። ሰው ሳህኑን በዳቦ ወልውሎ፣ ማጠብ የማያስፈልገው አስመስሎ ነው የሚልክላት። ከዚያ በሁለት ሳምንት ሁሉም ነገር ተዘጋ። ሲከፈት ማኖሊስ «ኮቪድ ይይዛታል» ብሎ እናቱን ቤት አስቀመጣቸው። እጃቸውም መንቀጥቀጥ ጀመረ። በ2021 ጾሙ ሲገባ ማኖሊስ በትልቅ ፕላስቲክ የታሸገ፣ እንደ ማስቲካ ሮዝ የሆነ ታራሞ ገዝቶ አቀረበ። እትዬ ፋንቱ የዚያን ቀን እየደጋገመች ነበር የምትነግረኝ፦ «ሳህኑ ሁሉ ሮዝ ሆኖ ተመለሰ፣ ማራኪዬ። አንድ ጊዜ እየነኩ የተዉት። እኔ ደፋሁት። ማዘር ቢያዩት ያለቅሱ ነበር።»

በ2022 ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ አንድ ቀን ከሺፍት ስገባ ፓርኪንግ ሎቱ ውስጥ ጠበቀችኝ። በረዶው ላይ ቆማ ትዘላለች።

«ማራኪ! ማራኪ! ኩኩ ሊለቅ ነው!»

«ታዲያ ምን ያስደስታል?»

«አልኩት እኮ! ማኖሊስን አልኩት! ታራሞውን እኔ ልሥራ አልኩት!»

«አንቺ?»

«እኔ! ሦስት ዓመት ሙሉ የሚመለሰውን ብቻ ነው ያየሁት። አንድ ቀን የሚወጣው ነገር የእኔ እጅ ይሁን!»

ማኖሊስ መጀመሪያ ስቆባት ነበር። ኋላ ግን አሰበበት። ዕቃ የሚያመጣለት ሰው መርከቡ ዘግይቷል ብሎት፣ የቀረው የዓሣ እንቁላል አንድ ትልቅ ጃር ብቻ ነው። ያንን ጃር ሰጣት። ቤትሽ ሠርተሽ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት እናቴ ጋ አምጪው፣ እሷ እሺ ካለች ሰኞ ምድጃው ላይ ትቆሚያለሽ፤ እምቢ ካለች ፕላስቲኩን አዛለሁ፣ ኩክም ከውጭ እቀጥራለሁ አላት። ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ጃር፣ አንድ ቀን። ከተበላሸ ተመልሳ ወደ ሳህኗ።

«ግን እንዴት እንደሚሠራ ታውቂያለሽ?» አልኳት።

«ሁለቴ አይቻለሁ። ዳቦው ሲነከር፣ ሲጨመቅ፣ ሽንኩርቱ ሲፈቀፈቅ፣ ዘይቱ ሲንጠባጠብ፣ ሁሉንም። እንቁላሉን ብቻ ነው ማዘር ከቤታቸው በጎድጓዳ ሳህን አዘጋጅተው የሚያመጡት። እሱ ምን አለው? እንቁላል እንቁላል ነው።» ከዚያ ድምጿን ቀነስ አደረገች። «አንድ ችግር ግን አለ። እኔ ሁዳዴ ይዣለሁ። ልቀምሰው አልችልም።»

የእኛ ጾም ከግሪኮቹ በአንድ ሳምንት ቀድሞ ነው የገባው። የእኛ ስል የእሷን ነው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ።

«ስለዚህ አንቺ ትቀምሺልኛለሽ» አለችኝ። «ይኸው ጌታ ለምን ጴንጤ እንዳደረገሽ ዛሬ ገባኝ።»

ደስ አለኝ። ማንም ሰው እንደዚህ ዓይነት ነገር ሰጥቶኝ አያውቅም። ግን እዚያው ላይ አፍንጫዬ ትዝ አለኝ። ጃንዋሪ ላይ ኮቪድ ይዞኝ ነበር፣ ከዚያ ወዲህ አፍንጫዬ ምንም አይሸተውም። ልነግራት ይገባኝ ነበር። ሌላ ሰው ትፈልጋለች ብዬ ፈራሁና ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ገባሁላት። ጠረጴዛው ላይ ሁሉ ነገር ተደርድሯል፦ የሁለት ቀን ዳቦ፣ ስምንት የታጠበ ሎሚ፣ ሽንኩርት፣ የወይራ ዘይት፣ መሃል ላይ ጃሩ። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራለች። ፀጉሯን በሻሽ ጠቅልላለች፣ ሌላ አዲስ ነጭ ሻሽ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሰቅላለች። ጃሩን ከፈተችው። ውስጡ ሮዝ ነው፣ እንደ ሊጥ ወፍራም፣ እንደ አሸዋ ጥቃቅን። አሸተተችው።

«ዝዋይ!» ብላ ጮኸች። «የሐይቁ ዳር! ማራኪ፣ አባቴ እዚህ ጃር ውስጥ ነው!»

እኔ ፈገግ አልኩ። ምንም አልሸተተኝም።

ከዚያ ጃሩን በሙሉ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ገለበጠችው። ሁለት ሎሚ ጨመቀችበት፣ ጨው ነሰነሰችበት፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሞላችበትና በእጇ ታማስለው ጀመር። ልክ እንደ ዶሮ። እኔም ምንም አልመሰለኝም። ዓሣም ዶሮም ሳይታጠብ ድስት ገብቶ ያየነው የት ነው? ውኃው ወዲያው ሮዝ ሆነ።

«እይው ቆሻሻውን!» አለች። ሻሹን ማጥለያው ላይ ዘርግታ ውኃውን አጠለለችው። ሁለተኛ ውኃ። ሦስተኛ። «እግዚኦ! ይሄን ነው እንግዲህ ፈረንጅ የሚበላው!» አራተኛ። አምስተኛ። ሮዙ እየሳሳ እየሳሳ፣ ስድስተኛው ውኃ ጥርት ብሎ ወረደ። ሻሹን ጠመዘዘችው። ውስጡ የቀረው ነጣ ያለ፣ ግማሽ የማይሆን ነገር ነው።

እኔ እስከዚያ ስልኬ ላይ ዩቲዩብ ከፍቼ ነበር። አንዲት ግሪካዊት ሴትዮ ጃሩን ከፈተች፣ በማንኪያ አወጣች፣ ቀጥ ብላ ዳቦው ላይ አደረገችው። ውኃ የለ፣ ምን የለ።

«እትዬ...»

«እ?»

«ሴትዮዋ አላጠበችውም።»

እትዬ ፋንቱ ሻሹን እንደያዘች ሲንኩን አየችው። ስድስት ውኃ ሙሉ ወደ ቱቦው ወርዷል።

«መልሺው» አለችኝ። መለስኩት። ሴትዮዋ አሁንም አላጠበችም። «እንደገና።» ሦስት ጊዜ አየነው፣ ሦስቱንም ጊዜ አላጠበችም፣ እኛ ስናያት ታጥበው ይመስል።

እትዬ ፋንቱ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። እጇ ያንን የተሰነጣጠቀ ቆዳውን ይዞ ጭኗ ላይ ወደቀ። «አባ ኮዳ ጠግቦ የተወውን ነው የሚመስለው» አለች። እኔ ማልቀስ ዳዳኝ። ያጠበችው እሷ ብትሆንም፣ ዩቲዩቡን ቀድሜ ብከፍተው ኖሮ እያልኩ።

እንደዚያ ብዙ አልቆየችም። ብድግ አለች።

«ተነሺ! ያለው ይሠራል። ዘይቱን ያዢ!»

ዳቦውን ነክራ ጨመቀች። ሽንኩርቱን ፈቅፍቃ ውኃውን ጠብ አደረገች። እንቁላሉን ጨምራ በእንጨት ማማሰያ መምታት ጀመረች። እኔ ዘይቱን ከላይ እንደ ክር አወርዳለሁ። «ቀጭን! ቀጭን! እንደሱ አይደለም፣ ጎርፍ ነው እንዴ!» ትለኛለች። ክንዷ አይቆምም። መጀመሪያ ወፍራም ሊጥ ነበር፣ ከዚያ ድምፁ ተቀየረ። ቧጭ ቧጭ ይል የነበረው ፈፍ ፈፍ አለ።

«ሰማሽው? ሰማሽው? የማዘርም እንደዚህ ነው የሚለው! ጀርባዬን ሰጥቼ ሳህን ሳጥብ እሰማው ነበር!» ፊቷ በራ። «ቅመሺ! ግን መጀመሪያ አሽቺው። ምን ይሸታል?»

«ጥሩ ይሸታል።»

«ጥሩ ምን?»

«ሎሚ ሎሚ» አልኳት።

ማማሰያውን አስቀመጠች። ሎሚዎቹን በጣቷ አሳየችኝ። ስድስቱም እንዳሉ ናቸው። የእንቁላሉን ማጠቢያ ሎሚ ውኃው ይዞት ሄዷል፣ ለምቱ ገና አልተጨመቀም።

«ማራኪ።»

«እትዬ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ። ከኮቪዱ በኋላ አፍንጫዬ አልተመለሰም። ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።»

ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ጠረጴዛውን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አንቺ አፍንጫ የለሽ፣ እኔ ምላስ የለኝ! ሁለት ሆነን አንድ ሰው አልሞላንም!» እንባዋን በክንዷ ጠረገች። «ጨውስ ያውቅሻል?»

«ጨውና ኮምጣጣ አውቃለሁ። እሱ አልጠፋም።»

«በቃ። ጨውና ሎሚ ያንቺ፣ ሽታው የእኔ።»

እንደዚያ ሠራነው። እኔ እቀምሳለሁ፣ እሷ አፍንጫዋን ሳህኑ ውስጥ ትከታለች። «ጨው የለውም» አልኳት፤ በስድስት ውኃ ታጥቦ ከየት ይመጣል። ቁንጥር ጨመረች። «አሁን?» «ትንሽ።» «አሁን?» «አሁን ልክ ነው!» ሎሚ፤ «ጨምሪ» አልኩ፣ «ጨምሪ»፣ «ትንሽ ጨምሪ»። እሷ ታሸትና «ሽንኩርቱ ዓሣውን ሸፈነው» ትላለች፣ ዳቦ ትጨምራለች፣ ትመታለች። ሲያልቅ ሳህኑ ውስጥ ያለው ነገር ነጭ ነው፣ እንደ እርጎ ነጭ፣ ማማሰያው ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ። እንደ ዩቲዩቡ ሮዝ አይደለም። እትዬ ፋንቱ ክዳን ከደነችበት።

እሁድ በእኔ መኪና ሄድን። ሳህኑን ጭኗ ላይ አድርጋ አቅፋዋለች። «ፍሬኑን ቀስ! ቀስ በይ! ሕፃን ነው የያዝኩት!» ትለኛለች። የማዘር ቤት ስንደርስ በሩን የከፈተልን ማኖሊስ ነው። ገና ሳንገባ ክዳኑን አነሳው።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለ በእንግሊዝኛ። «ሮዙ የት ሄደ? ፋንቱ፣ ጃሩን ምን አደረግሽው?» ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አየሁት። ፕላስቲኩን ሊያዝ ነው።

ማዘር ስታማቲያ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። «አምጪው ወዲህ» አሏት። ዳቦ ቆረሱ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ዳቦው ሳህኑን ሁለቴ ሳተው፣ እትዬ ፋንቱ ሳህኑን ወደ እጃቸው አስጠጋችላቸው። አጠቀሱ። ጎረሱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ በሆዴ እጸልያለሁ።

ዓይናቸውን ገለጡና፣ «አጠብሽው?» አሉ።

አላጠብኩም በይ፣ አላጠብኩም በይ እላለሁ በውስጤ።

«አዎ፣ ማዘር» አለች እትዬ ፋንቱ። «በስድስት ውኃ።»

ማዘር መጀመሪያ ልጃቸውን አዩት፣ ከዚያ ሳቅ ጀመሩ። ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። «እናቴ በጨርቅ አድርጋ ታጥበው ነበር። እንቁላሉ ያኔ ጨው ብቻ ነበር። እዚህ አገር ደግሞ ቀለም ያደርጉበታል። እኔ ሁልጊዜ ቤት በሁለት ውኃ አጥቤ ነው የማመጣው፣ ለዓይን ትንሽ ሮዝ ትቼበት። ይሄ» ብለው ማኖሊስን በዳቦው ጠቆሙት፣ «ሰላሳ ዓመት አብሮኝ ሠርቶ አንድ ቀን ምን ታደርጊዋለሽ ብሎ አልጠየቀኝም።»

እትዬ ፋንቱ ዞር ብላ አየችኝ። ያን ዓይን እስካሁን አልረሳውም። ደረጃው ላይ ቆማ «አያችሁ?» ያለችን ቀን የነበረው ዓይን ነው።

«ግን ሎሚው በዝቷል» አሉ ማዘር። «ማነው የቀመሰው?»

ቀስ ብዬ እጄን አነሳሁ፣ እንደ ተማሪ።

«እሷስ ለምን አልቀመሰችም?»

«ጾም ላይ ነኝ» አለች እትዬ ፋንቱ። «እስከ ፋሲካ።»

«ይሄ እኮ የጾም ነው!»

«ለእናንተ፣ ማዘር። ለእኔ ሁለቴ ፍስክ ነው።»

ማኖሊስ ስልኩን አሁንም እንደያዘ ነው። «የማይቀምስ ኩክ? ማማ፣ እንዴት ይሆናል? ሰባት ሳምንት እኮ ነው። አንድ ጉርሻ ትቅመስና ነገሩ ይለቅ» አለ።

እትዬ ፋንቱ ቀና አለች። እንግሊዝኛዋ ትንሽ ስለሆነ ቃሉን አንድ በአንድ ነው ያወጣችው። «አልቀምስም። እሠራለሁ፣ ግን አልቀምስም። ካልሆነ ሳህኔ አለ።»

ይሄን ስትል እኔ ወንበሩን ጨመቅኩት። ሦስት ዓመት የጠበቀችው በር ተከፍቶላት፣ በአንድ ጉርሻ ልትዘጋው ነው። ማዘር ግን ብርድ ልብሱን ከጉልበታቸው ላይ መግፈፍ ጀመሩ።

«ሽርጤን አምጣ» አሉት ልጃቸውን።

«ለምን?»

«እስከ ፋሲካ እኔ እቀምስላታለሁ።»

«ማማ፣ ኮቪድ አለ እኮ፣ እጅሽ ደግሞ...»

«ሦስት ክትባት አስወግተኸኛል! ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ሶፋ ላይ አስቀምጠኸኛል! እጄ ይንቀጠቀጣል እንጂ ምላሴ አይንቀጠቀጥም!»

ማኖሊስ መጀመሪያ እናቱን፣ ከዚያ እትዬ ፋንቱን፣ ከዚያ ሳህኑን አየ። ዳቦ ቆርሶ አጠቀሰ። አኘከ። ሁለተኛ ዳቦ ቆረሰ። ስልኩን ኪሱ ከተተው።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ፋንቱ በመንገዱ ሁሉ እልል ትላለች። ቀይ መብራት ላይ አጠገባችን የቆመው ሰውዬ መስኮቱን ከፍቶ አየን። እሷ መስኮቷን አውርዳ፣ «አይ አም ኩክ!» አለችው። እሱም አውራ ጣቱን አወጣላት።

ሰኞ ዌርሃውስ ውስጥ ብሬክ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ። እሷ ናት። ከኋላዋ የዕቃ ኳኳታ ይሰማል፣ ማዘር በግሪክኛ አንድ ሰው ላይ ይጮኻሉ።

«ማራኪ! ሳህኖቹን ልታዘብ ሲንኩ ጋ ሄጄ ነበር!»

«እሺ? እሺ?»

«ተወልውለዋል! አንድ የተረፈበት የለም! እንደ መስታወት!»

ዌርሃውሱ መሃል ጮኼ ዘለልኩ። ሱፐርቫይዘሬ ዞሮ አየኝ፣ አልገደደኝም።

«እሺ ልዝጋው» አለችኝ፣ ድምጿ ድንገት ኮስተር ብሎ። «አዲሱ ዲሽ ዋሸር ሳህኑ ባዶ ነው ብሎ በአንድ ውኃ ሊያሳልፈው ነው። ሄጄ ላሳየው።»